መስቀል አደባባይ የሴቶች የጠዋት ሩጫ ግሩፕ፣ ስለ ትንፋሽ የገባት ኮች

ስታዲየም፣ ለገሀር፣ ካዛንቺስ አካባቢ ላላችሁ ሴቶች፣ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ጠዋት 12 ሰዓት የሚሰራ የሴቶች ግሩፕ አለ፣ ኮቿም ሴት ናት፣ ክፍያው ከጂም በጣም ይቀላል፣ እኔ በጣም ወድጄዋለሁ።

የወደድኩበት ዋናው ምክንያት ስትመዘግብሽ ወር አበባሽ መቼ እንደመጣ ትጠይቅሻለች፣ ደብተሯ ላይም ትጽፈዋለች። በፊት የነበርኩበት ጂም አሰልጣኙ ትንፋሼ ባጠረ ቁጥር "ሰንፈሻል" ነበር የሚለኝ፣ በቃ ሌላ መልስ የለውም። እዚህ ደረጃ እየወጣን ታናግረናለች፣ ሙሉ አረፍተ ነገር መመለስ ካቃተሽ ቀንሺ ትልሻለች። ፔሬዴ ሊመጣ ሲል አንድ ጠዋት መልስ አጠረብኝና "ኮችዬ ትንፋሼ እምቢ አለኝ" ስላት ደብተሯን ገለጥ አርጋ "የኔ ቆንጆ የሮጥሽበት ሰዓት እኮ ያው የበፊቱ ነው፣ ደክመሽ አይደለም፣ አይዞሽ" አለችኝ።

ከዛ ቁጭ ብላ አስረዳችን። እንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ይጨምራል፣ እሱ ደግሞ አንጎልን አብዝተሽ ተንፍሺ ስለሚለው ቁጭ ብለሽ እንኳን ከወትሮው በላይ ትተነፍሻለሽ፣ የሰውነት ሙቀትም ከ0.3 እስከ 0.5 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ በዛው ፍጥነት ሮጠሽ ትንፋሽ ያጠረሽ ይመስልሻል። ሰውነት ግን መጠቀም የሚችለው ከፍተኛው የኦክስጅን መጠን በአብዛኛው ሴት ላይ ብዙም አይለወጥም። እ.ኤ.አ. በ2020 ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩም በፔሬዱ የመጀመሪያ ቀናት ብቃት በአማካይ ቢቀንስ በጣም ትንሽ ነው፣ ደግሞ ከሴት ሴት ይለያያል። እንግሊዛዊቷ ሯጭ ፓውላ ራድክሊፍ እ.ኤ.አ. በ2002 ቺካጎ ላይ 2:17:18 ገብታ የዓለም ማራቶን ሪከርድ ስትሰብር ፔሬድ ላይ ነበረች፣ ቁርጠትም ነበራት! ይሄን ስሰማ እውነት ውስጤ ነው የበራው፣ ስንት ሴት ልጅ ትምህርት ቤት እያለች በዚህ ምክንያት ስፖርት አቁማለች።

ኮቿ ግን ሁሉንም በሆርሞን አታሳብብም፣ ይሄንንም ወደድኩላት። ቁርጠት የበረታባትን ቀስ ብላ እንድትራመድ ትፈቅዳለች፣ ደም በብዛት የሚፈሳትና ወሩን ሙሉ ትንፋሽ የሚያጥራትን ደግሞ ሄደሽ ሄሞግሎቢንና አይረን ተመርመሪ ትላታለች፣ ምክንያቱም ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ነው፣ እሱ ደግሞ ያለ አይረን አይሰራም፣ አይረን ካነሰ ልምምድ ብቻውን አያድንም። ሩጫ አብዝታ ምግብ ቀንሳ ፔሬዷ የጠፋባትንም "ጎበዝ" አትላትም፣ ሐኪም ጋ ነው የምትልካት።

የማይመቸው ነገር ልብስ መቀየሪያ የላቸውም፣ ሽንት ቤትም አካባቢው ላይ ካፌ እስኪከፈት መጠበቅ ነው፣ ፔሬድ ላይ ላለች ሴት ይሄ ትልቅ ነገር ስለሆነ በደንብ ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። ቅዳሜ ሰው ይበዛል፣ ኮቿ ለሁሉም አትደርስም፣ ጀማሪ ከሆናችሁ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ግቡ፣ ጥቁር ሱሪ አድርጉ፣ ሞዴስም ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር።