ሄሊዮስ 44-2፦ ለሙዚየም አውሮፕላን የሚሆን ሌንስ

ሄሊዮስ 44-2 ስለሚባለው የሶቪየት ሌንስ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ሰው ፊትና ስለ አበባ ፎቶ ነው። እኔ የምገመግመው ለሌላ ሥራ ነው፤ ሙዚየም ውስጥ ለቆሙ አሮጌ አውሮፕላኖች። የፈተንኩትም ቨርጂኒያ፣ ሻንቲሊ በሚገኘው የኡድቫር-ሄዚ ማዕከል ነው፤ የስሚዝሶንያን ብሔራዊ የአየርና የጠፈር ሙዚየም ሁለተኛው ቤት ማለት ነው። ቦታው ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ ለመቀበል ደለስ የሚመላለስ የአካባቢያችን ሰው ብዙ ነው፤ ጎራ ብሎ የሚያየው ግን ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል፤ መግቢያው እኮ በነጻ ነው።

ፍርዴን ላስቀድም። ለዚህ ሥራ አንድ አሮጌ ሌንስ ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህንኑ ነው። ምክንያቱ ዋጋው ብቻ አይደለም። የ58 ሚሊ ሜትር እይታ ጠበብ ያለ ስለሆነ በቅርብ ርቀት ሙሉ አውሮፕላን አያስገባም፤ እዚያ ሃንጋር ውስጥ ደግሞ ሙሉ አውሮፕላን ለማንሳት መታገል አብዛኛውን ጊዜ ከንቱ ድካም ነው። አውሮፕላኖቹ ክንፍ ለክንፍ ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ከፊሎቹም ከጣሪያው ተንጠልጥለዋል። ሰፊ ሌንስ ይዞ የገባ ሰው የአንዱን ጅራት፣ የሌላውን ጎማ፣ የማብራሪያ ሰሌዳውንና የጎብኚውን ጀርባ በአንድ ፎቶ ሰብስቦ ይወጣል። ሄሊዮስ ግን ምርጫ ያስገድዳል፦ አንድ ሞተር፣ አንድ የበር እጀታ፣ አንድ የሪቬት (ቆርቆሮ የሚያያይዝ ምስማር) መስመር።

ሌንሱ ካርል ዛይስ የና የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሠራውን የባዮታር 58 ሚሊ ሜትር ሌንስ ንድፍ ተከትሎ የተሠራ ሲሆን ከዜኒት ካሜራዎች ጋር በብዛት ይሸጥ ነበር። በደርግ ዘመን ሶቪየት ኅብረት ተምረው ከተመለሱት መካከል ዜኒት አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የመጡ ነበሩ፤ አጎቴም አንዱ ነበር። የእኔን ግን ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው በ50 ዶላር ገደማ ገዛሁት። ከፊት ለፊቱ ሁለት የአፐርቸር (የብርሃን መግቢያው ቀዳዳ) ቀለበቶች አሉት፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። በአንደኛው የምትፈልጉትን ልክ፣ ለምሳሌ ኤፍ 5.6ን፣ አስቀድማችሁ ትወስናላችሁ። ሁለተኛው ደግሞ ከኤፍ 2 ተነስቶ እስከ ወሰናችሁት ልክ ድረስ ያለ ምንም መንቋቋት ይዞራል። ስለዚህ ብርሃን ሞልቶ እያያችሁ ትኩረቱን በኤፍ 2 ታጠራላችሁ፤ ከዚያ ዓይናችሁን ከካሜራው ሳትነቅሉ ቀለበቱን እስኪቆም ማዞር ነው። ለቆመ ነገር ከዚህ የተሻለ አሠራር አላውቅም።

ሌንሱን የማስገጥመው ሶኒ ኤ7 ማርክ 2 በተባለ ዲጂታል ካሜራ ላይ ነው። ካሜራው አሮጌውን ሌንስ ስለማያውቀው ሁለት ነገሮችን አስቀድሞ ማስተካከል ግድ ይላል፤ ሌንስ ሳይኖርም እንዲያነሳ መፍቀድ፣ የእጅ መንቀጥቀጥን ለሚያካክሰው ማረጋጊያም የሌንሱን የትኩረት ርዝመት (58 ሚሊ ሜትሩን) በእጅ መሙላት። ሙዚየሙ ባለ ሦስት እግርም ሆነ ባለ አንድ እግር መቆሚያ ስለማይፈቅድ ከእጃችሁ ሌላ ደጋፊያችሁ ይህ ማረጋጊያ ብቻ ነው። የጠራውን ጠርዝ በቀለም የሚያሳየውን ረዳት ግን አትመኑት። የአውሮፕላን ገላ በሪቬትና በስፌት መስመር የተሞላ ስለሆነ ሁሉም ጠርዝ የጠራ መስሎ ያበራል። ምስሉን አጉልቶ ማየት ይሻላል፤ የሚጎላውም መሃሉ ሳይሆን ልታጠሩት የፈለጋችሁት ቦታ ራሱ ይሁን። በሁለት ሜትር ርቀት ላይ በኤፍ 2 የሚጠራው ጥልቀት ከአንድ ስንዝር ያነሰ ነውና ካጠሩ በኋላ ካሜራውን ዞር ማድረግ ፎቶውን ያበላሻል።

ስትገቡ በመተላለፊያው ግራና ቀኝ፣ በዓይን ከፍታ፣ የሻርክ አፍ የተሳለበት ፒ-40 ዋርሆክ እና ክንፉ ጎበጥ ያለው ኮርሴር የተባሉ ተዋጊ አውሮፕላኖች ተንጠልጥለው ታገኛላችሁ። የሄሊዮስ ዝነኛ ሽክርክሪት የሚታየው እዚህ ነው። ከትኩረት ውጭ ያለ የብርሃን ነጥብ በምስሉ መሃል ክብ ሆኖ ሲታይ ወደ ጠርዝ ሲወጣ ይሞላልላል፤ የሞላለሉት ነጥቦችም በመሃሉ ዙሪያ የሚዞሩ ይመስላሉ። አበባ ላይ ይህን ማብዛት ያሰለቸኛል። የኮርሴርን ፕሮፔለር መሃል ላይ አስቀምጣችሁ የጣሪያው መብራቶች ከኋላው ሲዞሩ ስታዩ ግን ሽክርክሪቱ ቦታውን ያገኘ ይመስላል። ዘዴው አንድ ነው፤ በአውሮፕላኑና በኋላ ባሉት መብራቶች መካከል ሰፊ ርቀት እንዲኖር መቆሚያችሁን መምረጥ።

ከሁሉ አብልጬ የምቆምበት ግን ቦይንግ 307 ስትራቶላይነር ነው። በጠቅላላው 10 ብቻ ከተሠሩት ውስጥ ሙሉ ሆኖ የተረፈው ይህ ብቻ ነው። የመንገደኞቹ ክፍል በከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ እንዲጠበቅ ሆኖ ለአገልግሎት የበቃ የመጀመሪያው የንግድ አውሮፕላንም ይኸው ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ታድሶ እየበረረ ሳለ ሲያትል አጠገብ ኤሊየት ቤይ ውሃ ላይ ለማረፍ ተገደደ፤ ከውሃው አውጥተው እንደገና አደሱትና በ2003 ራሱ በርሮ እዚህ ደረሰ። ገላው በሙሉ የተወለወለ አሉሚኒየም ነው። ዘመናዊ ሌንስ እንዲህ ያለውን ገላ ሲያነሳ የብርሃንና የጥላ ንጽጽሩ ስለሚከር የመብራቱ ነጸብራቅ ነጭ ቀዳዳ፣ ጥላው ደግሞ ድፍን ጥቁር ይሆናል። በሄሊዮስ መስታወት ላይ ያለው አሮጌ ሽፋን ብርሃኑን በመጠኑ በምስሉ ላይ ይበትናል፤ በሌላ ቦታ ጉድለት የሚባለው ይህ ባሕርይ እዚህ ጥላውን ያለሰልሳል። የብርሃኑን መጠን ለነጸብራቁ ለክቼ በኤፍ 4 ሳነሳ በክንፉ ሥር ያሉት የቆርቆሮ ስፌቶች አንድ በአንድ ይታዩኛል። ብረቱ ብረት ይመስላል፤ ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።

ኤስአር-71 ብላክበርድ የተባለው የስለላ አውሮፕላን ላይ ግን ሌንሱ ይሸነፋል። ይህ አውሮፕላን እ.ኤ.አ. መጋቢት 6 ቀን 1990 ከሎስ አንጀለስ ዋሽንግተን በ64 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ የበረረው ራሱ ነው። ጥቁር ነው፤ ያንኑ የተበተነ ብርሃን ሄሊዮስ እሱ ላይ ሲያፈስበት ጥቁሩ አመድ ይሆናል። ከሌንሱ ፊት የጎን ብርሃን መከላከያ ብትገጥሙም ልዩነቱ ትንሽ ነው። ለእሱ ኒኮር 24 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 የተባለ ሰፊ ሌንስ ይዤ ከመግቢያው ፎቅ ቁልቁል አነሳዋለሁ፤ አፍንጫው ወደ እናንተ ዞሮ፣ ከበስተኋላው ዲስከቨሪ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ትታያለች። በዚህ ሃንጋር ሙሉ አውሮፕላን ማንሳት የሚያዋጣባት ቦታ ይህች ናት።

ኤኖላ ጌይም እዚያው ነው፤ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 1945 ሂሮሺማ ላይ አቶሚክ ቦምብ የጣለው ቢ-29። መስታወት የለበሰው አፍንጫው ለማንኛውም ሌንስ ይመቻል። እኔ ግን እሱ ላይ ሽክርክሪትም ልስላሴም አልፈልግም፤ ኤፍ 8 ላይ ዘግቼ፣ ከአብራሪው መስኮት በታች የተጻፈውን ስም ብቻ በቀጥታ አነሳለሁ። ያንን አውሮፕላን ለማሳመር መድከም ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

በቢጫና በቡናማ ቀለም የተቀባው ቦይንግ 367-80 ለእኛ አገር ሰው የተለየ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 15 ቀን 1954 መጀመሪያ የበረረው ይህ መሞከሪያ የቦይንግ 707 አባት ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ጄት ዘመን የገባባቸው ቦይንግ 720ዎችም የዚያው ቤተሰብ ናቸው። ሞተሮቹን ከጎን በኤፍ 2.8 ብታነሷቸው ቢጫው ሞቅ ብሎ ይወጣል።

ከሄሊዮስ ጋር ያነጻጸርኩት ሱፐር ታኩማር 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4 የተባለውን አሮጌ የጃፓን ሌንስ ነው። በአሠራር ጥራት ይበልጣል፤ ቀለበቱ ሲዞር ለእጅ ደስ ይላል፤ ብርሃንም የበለጠ ያስገባል። ሰባት መስታወት ያለው ዓይነት ግን ቶሪየም የተባለ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ስላለበት ከዕድሜ ብዛት ወደ ቢጫ ያዘነብላል፤ የሃንጋሩ መብራት ላይ ይህ ሲጨመር የአሉሚኒየሙን ቀለም ማስተካከል አድካሚ ነው። ዋጋውም እጥፍና ከዚያ በላይ ነው።

ይህን ሌንስ ይዤ መቆም የምመኝበት አውሮፕላን ግን ሌላ ነው፤ ፀሐይ። እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን እጅ አዲስ አበባ የተሠራችው፣ በወረራው ጊዜ ጣሊያን ወስዷት በቪኛ ዲ ቫሌ ሙዚየም ለአሥርት ዓመታት የቆየችው፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ለአገሯ የተመለሰችው። እስካሁን ያየኋቸው ፎቶዎቿ ከሩቅ የተነሱ ናቸው። የሠሯት ሰዎች እጅ የሚታየው ግን በመጋጠሚያዋና በስፌቷ ላይ ነው፤ እስከ ግማሽ ሜትር ተጠግቶ የሚያጠራ ሌንስ የሚያስፈልገውም ለዚያ ነው። አገር ቤት ያላችሁና ዜኒት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠላችሁ ሰዎች እባካችሁ አንሷት።

ሙዚየሙ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ክፍት ነው። መኪና ማቆሚያው 15 ዶላር ሲሆን ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ አይከፈልበትም፤ በዚያ ሰዓት የተማሪዎቹ አውቶቡሶችም ስለሚሄዱ መተላለፊያው ሰፋ ይላል። ሌንሱን ስትገዙ በብርሃን ፊት ይዛችሁ ውስጡን እዩ፤ የሸረሪት ድር የሚመስል ሻጋታ ካለበት ተዉት። የአፐርቸሩ ምላጮች ላይ ያለ ዘይት ግን በዚህ ሌንስ ብዙም አያሳስብም፤ የሚዘጋው በፍጥነት ሳይሆን በእጃችሁ ነውና። 44ኤም ከሚሉት ይልቅ 44-2 የሚለውን ምረጡ፤ በኋላ ከወጡት 44ኤም ሌንሶች ብዙዎቹ ከኋላ ያለችውን መርፌ የሚጫን አዳፕተር (ሌንሱን ከካሜራው የሚያገናኝ ቀለበት) ካላገኙ ከኤፍ 2 አይዘጉም።