አንድሮይድ ዌር 2.0 ሰዓቴ ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ የዋይፋዩን ጉዳይ ሳትሰሙ እንዳትገዙ

አንድሮይድ ዌር 2.0 በሚባለው የጉግል የሰዓት ሶፍትዌር የምትሰራዋን ስማርት ሰዓቴን ካሰርኳት ዘጠኝ ወር ሞላኝ፣ የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ነው ያስመጣኋት፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት በጣም ነው የወደድኳት። ስብሰባ ላይ ስልኬን ሳላወጣ እጄ ላይ ቫይብሬት ታደርጋለች፣ ማን እንደደወለ አይቼ ስራዬን እቀጥላለሁ። ባትሪዋ ጠዋት ሞልቼ ብወጣ ማታ ሶስት ሰዓት ላይ 30 ፐርሰንት አካባቢ ይተርፋታል፣ ቻርጅ ሳትደረግ ማደር ግን አይታሰብም። ማሰሪያዋ ትንሽ ተላልጧል።

ዋናው ጉዳዬ ዋይፋዩ ነው። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2017 ቤልጅየም ሉቨን ዩኒቨርሲቲ የሚሰራ ማቲ ቫንሆፍ የሚባል ተመራማሪ ክራክ የተባለውን ጥቃት ይፋ አደረገ፣ ደብልዩፒኤ2 ላይ፣ ማለትም ቤትም ካፌም ዋይፋያችን የሚጠበቅበት ነገር ላይ። መሳሪያህ ከራውተሩ ጋር ሲገናኝ አራት መልእክት ይለዋወጣሉ፣ ሶስተኛው ሲደርሰው የሚላከው ነገር የሚቆለፍበትን ቁልፍ ይጭናል፣ አጥቂው መሀል ገብቶ መልሱን ካስቀረው ራውተሩ ሶስተኛውን ይደግመዋል፣ መሳሪያው ደግሞ ያንኑ ቁልፍ እንደ አዲስ ይጭንና የሚልካቸውን መልእክቶች የሚቆጥርበትን ቆጣሪ ወደ መጀመሪያው ይመልሳል፣ ኢንክሪፕሽኑ (መቆለፉ) የሚላላው እዚህ ጋ ነው። አንድሮይድ 6.0 እና አንድሮይድ ዌር 2.0 ላይ ግን የባሰ ነው፣ ቁልፉ አንዴ ከተጫነ በኋላ ከሜሞሪ ስለሚሰረዝ ሲደገም የሚጫነው ዜሮ ብቻ የሆነ ቁልፍ ነው፣ እሱን ደግሞ ማንም ያውቀዋል!

ፓስወርድ መቀየር ምንም አይፈይድም፣ አጥቂው ፓስወርዱን አይፈልገውም፣ በአካል ዋይፋዩ የሚደርስበት ቦታ መገኘት ብቻ ነው ያለበት።

የአንድሮይዱ ማስተካከያ ከኖቬምበር 6 2017 ሴኩሪቲ ፓች (የደህንነት አፕዴት) ጋር ወጣ፣ ስልኬም ደረሰው። ሰዓቷ ግን ሴቲንግ ገብቼ ባየሁ ቁጥር የፓቹ ቀን ያው ሴፕቴምበር 2017 ነው የምትለኝ፣ ዲሴምበርም፣ ጃንዋሪም፣ ኧረ ዛሬም ጭምር። አምራቹ ጋ ሁለቴ ጻፍኩ፣ ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፈናል ከሚል መልስ በቀር የመጣ ነገር የለም፣ በጣም ነው ያናደደኝ፣ በሶፍትዌሩ ስም ላይ ግን ጉግል አልዘገየም፣ ማርች 2018 ላይ ዌር ኦኤስ ብሎታል።

ስልክህ ከተስተካከለ ምን አስጨነቀህ ያለኝ ሰው አለ። አንድ ቀን ካፌ ውስጥ ስልኬን ታች ካውንተሩ ጋ ቻርጅ ሰክቼ ሶስተኛ ፎቅ ወጣሁ፣ ብሉቱዝ እዛ ድረስ አይደርስም፣ ሰዓቷ ግን ቫይብሬት አድርጋ የወንድሜን ሜሴጅ አሳየችኝ። ለካ ከስልኩ ስትርቅ ስልኩ ላይ የተቀመጡትን የዋይፋይ ፓስወርዶች ይዛ በራሷ ትገባለች፣ እኔ ምንም ሳልነካ፣ ፓስወርዱ ደረሰኝ ላይ ታትሞ ለሁሉም በሚታደልበት ካፌ። ኤችቲቲፒኤስ የሚጠቀሙ አፖች የራሳቸው ጥበቃ ስላላቸው የላኩት ነገር ተቆልፎ ይቆያል፣ ግን ከሰዓቷ አፖች የትኛው እንደሚጠቀም እኔ በምን አይቼ ልለይ?

ስለዚህ ከጃንዋሪ ጀምሮ ዋይፋዩን አጥፍቼዋለሁ። ስልኬን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ስሄድ አሁን ምንም አይደርሰኝም፣ የወደድኩላት አንዱ ነገር እሱ ነበር። ያገለገለ የምትገዙ ልጆች ባለቤቱ ፊት ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ አባውት ግቡና የሴኩሪቲ ፓቹን ቀን እዩ፣ ከኖቬምበር 6 2017 በፊት ከሆነ አፕዴት አስደርጉት፣ አፕዴት የለም ካላችሁ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ አትውሰዱት።