በሮኪ ተራሮች የተከራየሁት የበረዶ መርገጫ

ኪሊማንጃሮን (5,895 ሜትር) ለመውጣት በመዘጋጀት ላይ ስለሆንሁ፣ ከምኖርበት ከአውሮራ ተነሥቼ በኮሎራዶው ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ለመለማመድ ስሄድ፣ በመንገዴ ላይ ካገኘሁት አንድ ሱቅ ከጫማ ሥር የሚታሰረውን ሰፊ የበረዶ መርገጫና ሁለት ምርኩዝ ተከራየሁ። የመረጥሁት መንገድ 2,880 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው ከቤር ሐይቅ ተነሥቶ፣ በኒምፍና በድሪም ሐይቆች በኩል እስከ ኤመራልድ ሐይቅ የሚዘልቀው ነው።

መርገጫው የሰውነትን ክብደት ስለሚያሰራጭ፣ ያለ እርሱ እስከ ጉልበት በሚያሰምጠው በረዶ ላይ እግሬ ከቁርጭምጭሚት አላለፈም፤ ከሥሩ ያሉት የብረት ጥርሶችም ዳገቱን ነክሰው ይይዛሉ። በ3,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በየሃያ እርምጃው ቆሜ መተንፈስ ግድ ሆነብኝ፤ ለዚህ ልምምድ የሄድሁትም ለዚሁ ነው። በቆምሁ ቁጥር ከጥዶቹ ቅርንጫፍ እንደተነፋ ዱቄት የሚረግፈውን በረዶ አያለሁ፤ ከዚያ ሌላ የሚሰማ ድምፅ የለም።

ቅር ያሰኘኝ የግራው ማሰሪያ ነው። ጎማው በብርዱ ደርቆ በየግማሽ ሰዓቱ ይላላ ስለነበር፣ ጣት በሚያደነዝዝ ቅዝቃዜ ጓንቴን አውልቄ ማጥበቅ ነበረብኝ። ስለዚህ ተከራዮች ከሱቁ ሳይወጡ ሁለቱንም ማሰሪያ አጥብቀው ይፈትሹ፤ ከድሪም ሐይቅ በላይ ለመዝለቅ የሚያስቡም የኮሎራዶን የበረዶ ናዳ ትንበያ በዚያው ዕለት ጠዋት ይመልከቱ። ማሰሪያው ከተቀየረልኝ እኔ በሚቀጥለው ወርም ይህንኑ መርገጫ እከራያለሁ።