«ሙሉ የኋላ ዝቅ ማድረጊያ ኪት» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ከመክፈላችሁ በፊት

አሜሪካ ያላችሁ የፒካፕና የኤስዩቪ ባለቤቶች፣ በተለይ የሼቭሮሌት ፒካፕ የሆነውን ሲልቫራዶ 1500 የያዛችሁ፦ «ከኋላ 4 ወይም 6 ኢንች ያወርዳል፣ ሙሉ ነው፣ በአንድ ቅዳሜ ይገጠማል» እየተባለ በርካሽ በሚሸጥ መኪና ዝቅ ማድረጊያ እቃ እንዳትታለሉ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ብረት ደህና ሊሆን ይችላል። ገንዘብ የሚበላው ካርቶኑ ውስጥ ያልገባው ነው፤ የጎደለውን ለየብቻ ስትገዙት ከኪቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

የሚሸጥላችሁ ብሎክ (ባሌስትራና አክስል መሀል የሚገባ ድፍን ብረት) ከሆነ ቶሎ እለፉት። የሲልቫራዶ ባሌስትራ፣ ማለትም ቅጠል በቅጠል የተደራረበው የኋላ ስፕሪንግ፣ የተቀመጠው ከአክስሉ (የኋላ ጎማዎቹን ከሚያገናኘው ብረት) በላይ ነው። በሁለቱ መሀል ብሎክ ቢገባ መኪናው ይነሳል እንጂ አይወርድም። ብሎክ የሚያወርደው ባሌስትራው ከአክስሉ በታች በሆነበት መኪና ላይ ብቻ ነው፣ ለምሳሌ በኋላ ጎማ ብቻ በሚነዱት የድሮ ቶዮታ ፒካፖች። «ለሁሉም ፒካፕ ይሆናል» ያለ ሻጭ ወይ አያውቅም፣ ወይ እያወቀ ይዋሻል። ባሌስትራውን ከሻንሲው (ከመኪናው አጽም) ጋር የሚያያይዘው ብረት፣ ሻክሉም፣ እንዲሁ ነው። ሻንሲው ላይ የታሰረበት ነጥብ ከባሌስትራው ጆሮ (ጫፉ ላይ ካለው ቀለበት) በላይ ከሆነ ረጅም ሻክል ያነሳል፤ በታች ከሆነ ረጅሙ ያወርዳል። ጎንበስ ብሎ ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ፍሊፕ ኪት ሌላ ነገር ነው። አክስሉን ከባሌስትራው ስር አውጥቶ ከላይ ያስቀምጠዋል፣ ከ5 እስከ 6 ኢንች (ከ13 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ) ያወርዳል። ርካሾቹ ኪቶች ብዙ ጊዜ የሚጎድላቸው እዚህ ነው። ያን ያህል ሲወርድ አክስሉ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ሻንሲውን ይመታል፤ ስለዚህ ሻንሲው ከአክስሉ በላይ በኩል ተቆርጦ ማጠናከሪያ ይገጠምለታል፣ ሲ-ኖች የሚባለው። ኪቱ ውስጥ ከሌለ «ሙሉ» የሚለው ቃል ባዶ ነው። ቢኖር እንኳ የቅዳሜ ሥራ አይደለም፦ የጭነት ሳጥኑ ይነሳል፣ በሻንሲው ላይ የሚያልፉት የፍሬንና የነዳጅ ቱቦዎች ከነሽቦዎቹ ይርቃሉ፣ ከዚያ ነው መቁረጥ። ያስፈልግ እንደሆነ ለማወቅ ባዶ መኪና ደልዳላ ቦታ አቁሙና ከአክስሉ አናት እስከ ሻንሲው ሆድ ለኩ፤ ከዚያ ላይ የሚወርደውን ቀንሱ። ከ3 ኢንች በታች ከቀረ ያለ ሲ-ኖች አትግጠሙት። አክስሉ ሻንሲውን እንዳይመታ የሚያቆመውን ላስቲክ ብቻ ማሳጠር መፍትሄ አይደለም።

ሾክ አብዞርበሩን ደግሞ ሻጮቹ ፈጽሞ አያነሱትም። የፋብሪካው ሾክ ለድሮው ከፍታ የተሠራ ስለሆነ መኪናው ሲወርድ ተጨምቆ ይቀራል፤ ትንሽ ሲዘል ጥግ ይነካል፣ ውሎ አድሮ ዘይት ያፈሳል። ወይ አጭር ሾክ፣ ወይ የሾኩን ማሰሪያ ቦታ የሚያዛውር ብረት ያስፈልጋል።

ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚይዙት ዩ-ቦልቶች አዲስ መሆን አለባቸው። አንዴ የጠበቀ ዩ-ቦልት ተለጥጧል፣ ሁለተኛ አይታመንም። «የነበረውን ተጠቀሙ» የሚል መመሪያ ካያችሁ ኪቱን መልሱ። የባሌስትራው መሀል ቡሎን ጭንቅላት አዲሱ መቀመጫ ቀዳዳ ውስጥ ካልገባ አክስሉ ይንሸራተታል፤ በፍሊፕ ኪት ቡሎኑ መገልበጥ ይኖርበታል። ከመፍታታችሁ በፊት ቅጠሎቹን በሁለት ክላምፕ ጭመቋቸው፣ አለዚያ ተፈናጥረው ይጎዷችኋል። የቦኮላዎቹን (የባሌስትራው ጆሮ ውስጥ ያሉትን ላስቲኮች) ቡሎን ጨርሳችሁ የምታጠብቁት ክብደቱ ጎማው ላይ ካረፈ በኋላ ነው፤ መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ላስቲኩ ተጠማዞ ቶሎ ይቀደዳል።

ሌላው የተለመደ ቅሬታ በሀይዌይ ፍጥነት የሚመጣ መንቀጥቀጥ ነው። ዲፈረንሻሉ አንግሉን ስለቀየረ ክሮቸራዎቹ፣ ማለትም ኃይል ወደ ኋላ የሚያስተላልፈው ዘንግ መገጣጠሚያዎች፣ በተዛባ ማዕዘን ይሽከረከራሉ። ማስተካከያው ከባሌስትራውና ከመቀመጫው መሀል የሚገባ የሽብልቅ ቅርጽ ያለው ሺም ነው። የብረቱን ግዙ፣ አሉሚኒየሙ ይፈረካከሳል። ይኸው ዘንግ ሁለት ቁራጭ ከሆነ የመሀሉ ኩሽኔታ ከፍታም መታየት አለበት።

ከኋላ በባሌስትራ ፈንታ ሞላ ያላቸው የሼቭሮሌት ኤስዩቪዎች፣ ታሆና ሰበርባን 1500 ላይ፣ ማጭበርበሩ መልኩን ይቀይራል። የተቆረጠ ወይም በእሳት የተለበለበ ሞላ «ዝቅ ማድረጊያ» ተብሎ ይሸጣል፤ እሳት የነካው ብረት ጥንካሬው ጠፍቷል፣ በየቀኑ እየሰጠመ ይሄዳል። ጤናማ ሞላ ቢሆንም መኪናው ሲወርድ ፓንሃርድ ባሩ (አክስሉን በጎን ከሻንሲው ጋር የሚይዘው ዘንግ) አክስሉን ወደ ጎን ስለሚገፋው፣ የሚስተካከል ባር ከሌለ አንዱ ጎማ ከአንዱ ይልቅ ወደ ውጭ ይወጣል። ከ2021 ጀምሮ የመጣው ታሆ የኋላ ጎማዎቹ ለየብቻ ስለሚንቀሳቀሱ የድሮው ኪት ጭራሽ አይገጥመውም።

የድሮ ቶዮታ የምታወርዱ ደግሞ፣ አክስሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ መኖሩን እዩ። መኪናው ሲወርድ ቫልቩ ጭነት ያለ ይመስለውና ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይለቃል፤ በዝናብ ቀን የኋላ ጎማ ይቆለፋል። ዘንጉ መስተካከል አለበት።

«ከ1999 እስከ 2018 ይገጥማል» የሚለውንም አትመኑ። በዚያ መሀል ሲልቫራዶ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። 2007 ላይ የድሮውም ቅርጽ «ክላሲክ» ተብሎ፣ አዲሱም አብረው ተሽጠዋል፣ ስለዚህ የ2007 ባለቤት ዓመቱን ብቻ ተናግሮ ማዘዝ አይችልም። ለሻጩ ዓመቱን፣ የካቢኑን ዓይነት፣ ባለ አራት ጎማ ነጂ መሆን አለመሆኑን ጻፉና አምስት ነገር በጽሁፍ ጠይቁት፦ ሾክ፣ ዩ-ቦልት፣ ሺም፣ ሲ-ኖች አሉት ወይ? የተከፈተ ካርቶን ይመለሳል ወይ? በስልክ እንነጋገር ካለ ካርዳችሁን ወደ ኪሳችሁ መልሱ።