በቢሾፍቱ አካባቢ አሳማ ለምታረቡ፦ ለሳል በሽታ የደም ምርመራ በአግባቡ የሚሠሩ ሐኪም

በእርባታችን ሳል በገባ ጊዜ ለደረሱልን የእንስሳት ሐኪም ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ እወዳለሁ። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁ አልጽፈውም፤ በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ አርቢ ግን ስልካቸውን እንድሰጥ ፈቅደውልኛል።

ለሽያጭ የተቃረቡት አሳማዎቻችን መኖ ባይተዉም ደረቅ ሳል ይዟቸው ክብደት መጨመር አቁመው ነበር፤ ከመድኃኒት መደብር የተሰጠን ፔኒሲሊንም ለውጥ አላመጣም። ዶክተር እንዳስረዱን በእንዲህ ያለው ሳል በቅድሚያ የሚጠረጠረው ማይኮፕላዝማ ሃዮኒሞኒዬ የተባለው ባክቴሪያ ሲሆን፣ ፔኒሲሊን የሚሠራው የባክቴሪያ የህዋስ ግድግዳ እንዳይገነባ በማድረግ በመሆኑ ግድግዳ የሌለውን ይህንን ባክቴሪያ አይነካውም።

ረዳታቸው የአሳማውን የላይኛ መንጋጋ በገመድ ሸምቀቆ ይዞ አንገቱን ቀና ሲያደርግላቸው (ጩኸቱ ሰፈሩን ሁሉ ከቤት አስወጥቷል) ከአንገቱ ሥር በመርፌ ቀድተው፣ ደሙን እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት በሌለው ቱቦ ውስጥ ሳይንጡ እስኪረጋ ያቆዩታል። ቀይ ህዋሳቱ ከፈረሱ የኤላይዛ (ሰውነት በሽታን ለመከላከል የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል በደም ውስጥ የሚፈልገው ምርመራ) ውጤት ሊዛባ ስለሚችል፣ የቀላ የደም ውሃ ያለበትን ቱቦ ጥለው እንደገና ቀድተዋል።

ከሁሉ በላይ ያመሰገንኳቸው ግን ውጤቱን ከሚናገረው በላይ ባለማናገራቸው ነው። ፀረ እንግዳ አካል ከእናት እንገር ወይም ከክትባትም ሊገኝ ስለሚችል፣ በአንድ አሳማ ደም ውስጥ መገኘቱ ብቻ የዛሬው ሳል ምክንያት ይህ ነው አያሰኝም፤ በማይኮፕላዝማ የተያዘ እንስሳ ደግሞ ፀረ እንግዳ አካል እስኪያሳይ ብዙ ጊዜ ከ3 ሳምንት በላይ ስለሚወስድበት፣ አለመገኘቱም ጤነኛ ነው አያሰኝም። ስለዚህ ጡት ከጣሉት ጀምሮ ከየዕድሜው ናሙና ወስደው፣ ከሳምንታት በኋላ ከእነዚያው እንስሳት ደገሙት። ታናናሾቹ ነጻ ሲሆኑ፣ ክትባት ፈጽሞ ያልተሰጣቸው የትልልቆቹ ፀረ እንግዳ አካል ግን በሁለተኛው ናሙና ከፍ ብሎ ታየ። ይህም ሳይበቃቸው የታረዱትን ሳንባ ተመልክተው፣ የፊተኛው የታችኛ ክፍል ሐምራዊ ሆኖ መጠጠሩን ካረጋገጡ በኋላ ነው መድኃኒቱን የቀየሩልን።

አሳማችሁ በድንገት ከአፍንጫው ደም የቀላቀለ አረፋ አውጥቶ ከሞተ ግን የደም ምርመራ አትጠብቁ ብለዋል። እንዲህ ያለው አሟሟት አክቲኖባሲለስ ፕሉሮኒሞኒዬ የተባለውን ሌላ የሳንባ ባክቴሪያ ስለሚያስጠረጥርና በድንገት የሞተ እንስሳ ፀረ እንግዳ አካል ለማፍራት ጊዜ ስለማያገኝ፣ ሬሳው ሳይቀበርና ሳይከፈት በዚያው ቀን ደውሉላቸው፤ ሳንባውን ራሳቸው መጥተው ይወስዳሉ።