ዴስክቶፔን ምን ይተካው? ቲንክፓድ ፒ17 ወይስ ሊጅን 5

ጅማ ላይ ዴስክቶፕ ይዞ መሥራት የሚያማርረኝ በመብራቱ ነው። ሥራው ሲሞቅ እልም ይላል፤ ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየው ባትሪ) ፋይል ሴቭ ከማድረግ አያልፍም። ስለዚህ ወደ ባለ 17.3 ኢንች ላፕቶፕ ልዞር ወሰንኩ፤ ከብዙ መዋዠቅ በኋላ ሁለት ቀሩኝ፤ ሁለቱም የሌኖቮ ናቸው።

ሊጅን 5 የጌም ማሽን ነው። ለቪዲዮ ኤዲቲንግና ለስሪዲ፣ ለምታወጡት ብር የሚሰጣችሁ የግራፊክስ ጉልበት ጥሩ ነው። ግን ጫና ሲበዛበት ፋኑ ይጮሃል፣ የራም (ማሽኑ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ) መሰኪያውም ሁለት ብቻ ነው።

ፒ17 ሌላ ነገር ነው። በ2020 የወጣ የሥራ ማሽን ሲሆን እንደ ፕሮሰሰሩ ዓይነት እስከ አራት የራም መሰኪያ ይኖረዋል፤ እስከ 128 ጊጋባይት ይሸከማል። ሦስት ኤስኤስዲም (ፋይል የሚቀመጥበት ፈጣን ማከማቻ) ይገባበታል፤ ማለትም ዛሬ በትንሹ ገዝታችሁ ብር ሲገኝ መጨመር ትችላላችሁ። ኪቦርዱ ትንሽ ፈሳሽ ቢደፋበት እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው። መቼም ጅማ ተቀምጦ ከላፕቶፑ አጠገብ ቡና የማያስቀምጥ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ክብደቱ ግን ጉድ ነው፤ 3.5 ኪሎ ገደማ፣ ያውም ቻርጀሩ ሳይቆጠር። ከሄርማታ ኮቺ በባጃጅ ይዞት መሄድ ይቻላል፣ በእግር ግን አይሞከርም።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሁለቱም ባትሪ ላይ ሲሆኑ ጉልበታቸው ይቀንሳል። መብራት ሲጠፋ ከባዱን ሬንደር (የቪዲዮውን ወይም የስሪዲውን የመጨረሻ ፋይል ማውጣት) አቁማችሁ ቀለል ያለውን ሥሩ።

እኔ ጌም ስለማልጫወት ፒ17ን ይዣለሁ።