ለሐዋሳው የዋና አሰልጣኝ ምስጋና፣ ወደ ዛንዚባር ለምትሄዱም ጥቆማ

የሐዋሳ ልጆች፣ እንዴት ናችሁ? ከሐይቁ ወዲህ ባለ አንድ ሆቴል ገንዳ ውስጥ ስኖርክሊንግ (በዋና ማስክና በመተንፈሻ ቱቦ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ የባሕሩን ውስጥ ማየት) የሚያሠለጥነውን ወንድማችንን በአደባባይ ማመስገን ስለሚገባን ነው የምንጽፈው። ከዛንዚባር በሰላም የተመለስን ስድስት ሰዎች ነን።

ሐይቁ እያለ ገንዳ ለምን ለምትሉ፦ ሐይቃችን ጉማሬ አለበት፣ ዳር ዳሩ ቢልሃርዚያ ያስይዛል፣ ውሃውም ድፍርስ ስለሆነ በማስክ ምንም አይታይም። እሱ ሰው ይዞ ሐይቅ አይገባም፤ ልክ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሙሉ በሙሉ የማስክ ነው። ማሰሪያውን ሳታጠልቁ ማስኩን ፊታችሁ ላይ ታስጠጉና በአፍንጫ ትንሽ አየር ትስባላችሁ። እጃችሁን ስትለቁ ካልወደቀ ለፊታችሁ ልክ ነው፤ ከወደቀ ሌላ ይሞከራል። ውሃ የሚያስገባው ብዙ ጊዜ ከጎማው ሥር የገባ ፀጉር ወይም ሪዝ ነው። ሰው ግን ማሰሪያውን ያጠብቃል፤ ያኔ ጎማው ይጣመምና ይብስበታል። አዲስ ማስክ ከፋብሪካ የቀረ ስስ ቅባት ስላለበት ጉም ይይዛል፤ መስታወቱን ከውስጥ በነጭ የጥርስ ሳሙና በጣት አሽቶ ማጠብ ነው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ። ባሕር ከመግባታችሁ በፊት ደግሞ አንድ ጠብታ የሕፃናት ሻምፖ ቀብቶ ለቅለቅ ማድረግ ይበቃል።

ቀጥሎ የመተንፈሻ ቱቦው ነው። ውሃ ሲገባበት ሰው የሚታነቀው ደንግጦ አየር ስለሚስብ ነው። እሱ ሆን ብሎ በእጁ ውሃ ይሞላበታል፦ መጀመሪያ በኃይል «ቱ!» ብሎ ማስወጣት፣ የቀረ ካለ በቀስታ ትንሽ ስቦ ደግሞ ቱ ማለት። እጅና አፍ እስኪለምድ ያስደጋግማል። ትንፋሹ ረጅምና ዝግ ያለ መሆን አለበት፤ አጭር አጭር ከሆነ ቱቦው ውስጥ የቀረውን የተቃጠለ አየር መልሳችሁ ትስቡና ራስ ያዞራል። እግር የሚመታው ከዳሌ ነው እንጂ ከጉልበት አይደለም። የሕይወት ጃኬት መልበስ ማንንም አያሳፍርም፣ ይህንንም እሱ ደጋግሞ ይናገራል።

እኛን ከሁሉ በላይ የጠቀመን ግን ስለ ባሕሩ የነገረን ነው። የዛንዚባር ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ በመካከላቸው ስድስት ሰዓት ያህል አለ። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ይበረታል። በምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ ላይ፣ ውሃው በጣም ርቆ ስለሚሄድ ፎቶ ላይ ያያችሁትን ባሕር ቀትር ላይ ላታገኙት ትችላላችሁ። ቀኑን ሙሉ መዋኘት የሚፈልግ ሰሜን፣ ኑንግዊ ወይም ኬንድዋ ይረፍ። ለዓሣና ለኮራል (ድንጋይ የሚመስለው የባሕር ፍጥረት) ምኔምባ ደሴት ነው፤ ጀልባው በጠዋት ቢነሳ ይመረጣል። ኮራል ላይ አትቁሙ፦ እሱም ይሞታል፣ እናንተንም ይቆርጣል፣ ቁስሉም ቶሎ ያመረቅዛል። ጥልቀት በሌለው ቦታ ጥቁሩ የባሕር ጃርት እሾሁን እግር ውስጥ ሰብሮ ስለሚያስቀር የውሃ ጫማ ግድ ነው። እጀ ረጅም ልብስም ልበሱ፤ ውሃው ስለሚያቀዘቅዝ ጀርባና ባት በፀሐይ ሲቃጠል አይታወቅም።

ምግቡ! ማታ ማታ አሮጌው ከተማ ስቶን ታውን፣ ፎሮዳኒ መናፈሻ ሂዱ። ኡሮጆ የሚባለው ሾርባ እርድና ማንጎ ያለበት፣ ጎምዘዝ ያለ፣ እንደ አጥሚት ወፈር ያለ ነው፤ ድንችና ባጂያ (በዘይት የተጠበሰ የጥራጥሬ ሊጥ) ይገባበታል። የሸንኮራ ጭማቂውን ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር አስጨምቁ። በእንጨት የተሰካው የባሕር ምግብ ላይ ግን ተጠንቀቁ፦ የተጠበሰውን እንደገና አሙቀው ከሚሰጧችሁ ጥሬውን መርጣችሁ ፊታችሁ ይጠበስ፤ ዋጋም ቀድማችሁ ጠይቁ። ጾመኞች አትቸገሩም፤ በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላና ጎመን በየቦታው አለ።

የቢጫ ወባ ካርድ አትርሱ። ከጥቅምት 2024 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ የደሴቲቱ የግዴታ ኢንሹራንስ 44 ዶላር ነው። ፌስታል ይዛችሁ አትግቡ።

ሥልጠናው አራት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ነው። ከጉዞው ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ ጀምሩ፤ ማስኩ ልክ ካልሆነ ሌላ ለመፈለግ ጊዜ ይኖራችኋል። ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንሰጣለን። ወንድማችን፣ እጅህ ይባረክ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።